«ኃይሌ 1993» የትኛው ነው?

እስቲ በእንቆቅልሽ እንጀምር። ስልካችሁ ላይ «ኃይሌ 1993» የሚል ርዕስ ያለው አጭር የሩጫ ቪዲዮ ደረሳችሁ እንበል። የትኛው ሩጫ ነው? «ሲድኒ ነዋ!» ያለ ሰው ትክክል ነው። የሲድኒ ኦሎምፒክ 10 ሺህ ሜትር የተሮጠው በመስከረም ወር 1993 ዓ.ም. ነው፤ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ የቀደመበት ያ አስደናቂ ሩጫ። «ሽቱትጋርት ነው» ያለውም ትክክል ነው። ኃይሌ በ10 ሺህ ሜትር የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ያገኘው በ1993 እ.ኤ.አ. በጀርመኗ ሽቱትጋርት ነው፤ ኬንያዊው ሞሰስ ታኑይ መጨረሻው ዙር ላይ ጫማው የወለቀበት ውድድር። ሁለቱም 10 ሺህ ሜትር፣ ሁለቱም ወርቅ፣ በሁለቱም ሁለተኛ የወጣው ኬንያዊ። በመካከላቸው ግን ሰባት ዓመት አለ። ቪዲዮውን የለጠፈው ሰው «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የምትል ሚጢጢ ነገር ቢጨምርበት ኖሮ ጣጣው አይኖርም ነበር።

ይህን ያነሣሁት ስለ ኃይሌ ለማውራት አይደለም። በቴሌቪዥን የተላለፈ ትልቅ ውድድር ሌላ ሺህ ማስረጃ ስላለው ተጣርቶ ይገኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ማስረጃ የሌለው ነው፤ ማለትም እኛው ራሳችን፣ ወንድም እህቶቻችን፣ ጎረቤቶቻችን በየቀኑ በስልክ እየቀረጽን ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የምንደፋው ቪዲዮና ፎቶ። ዛሬ እዚህ አሰላ ሠርግ ብትሄዱ ከሚዘፍነው የሚቀርጸው ይበዛል። አጨዳው ይቀረጻል፣ ገበያው ይቀረጻል፣ ጎርፉ ይቀረጻል፣ የሰፈር ኳስ ጨዋታው ይቀረጻል። አርሲ በታሪኳ የዛሬን ያህል ተቀርጻ አታውቅም ብል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ከዓመት በኋላ አንዱን ልፈልግ ብትሉ አታገኙትም፤ ብታገኙትም ምን እንደሆነ አታውቁትም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ቀላል ነው። የሕዝቡን ምስል የማደራጀቱ ሥራ የመተግበሪያው ባለቤት ሥራ አይደለም፣ የቻናሉ አድሚን ሥራም አይደለም። የቀረጸው ሰው ሥራ ነው፤ ጊዜውም የሚለጥፍበት ደቂቃ ነው። ከዚያ ደቂቃ በኋላ ማንም አይሠራውም። ይህን ልማድ ለማስጀመር ደግሞ ከእኛ ከጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚቀርብ ሰው ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ችግሩ ምን ያህል የራሳችን እንደሆነ ልናገር። ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚሰጡ ምክሮች አብዛኞቹ የተጻፉት አንድ ፊደልና አንድ የዘመን አቆጣጠር ላለው ሕዝብ ነው። እኛ ሁለት አቆጣጠር አለን። ስልካችን ውስጥ ያለው ቀን የፈረንጅ ነው፣ አፋችን ላይ ያለው የሐበሻ። ሰዓቱም እንዲሁ፤ ስልኩ 7 ሰዓት ሲል እኛ 1 ሰዓት ነው የምንለው። «በ1997 የተቀረጸ» ሲባል የምርጫ 97 ዘመን ነው ወይስ ከዚያ ስምንት ዓመት ቀድሞ? ከውጭ አገር የድሮ የቪዲዮ ካሴቶችን እየገለበጡ ዩቲዩብ ላይ የሚጭኑ ወገኖቻችን ትልቅ ውለታ ውለውልናል፤ ሆኖም «የድሮ ኢቲቪ» ከሚል ርዕስ ሌላ ምንም ሳይጽፉ ስለሚጭኑት ዘፈኑን እንሰማለን እንጂ ዘመኑን አናውቅም።

ፊደላችንስ? ኃይሌ፣ ሃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሐይሌ፣ ኀይሌ። ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር የተሰጣቸው የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። አንዱ በ«ኃ» ጽፎ የለጠፈውን ሌላው በ«ሃ» ቢፈልገው አይገናኙም። ከተማችን ራሷ «አሰላ» እና «አሠላ» ተብላ ትጻፋለች። (በነገራችን ላይ «አሰላ» ብሎ የሚፈልግ ሰው የሒሳብ ትምህርት ሊመጣበት ይችላል። ስማችን ግሥም ጭምር ሆኖ ተገኘ፤ ምን ይደረግ!) በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አንዱ በአንድ ኤስና በሁለት ኤል ይጽፋታል፣ ሌላው በሁለት ኤስና በአንድ ኤል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አንድ አንድ ያደርጋቸዋል። በቁቤ ደግሞ መጨረሻ ላይ ሁለት ኤ ይደረደራል። በቆጂም እንደዚሁ ናት፤ የአማርኛው አጻጻፍና የቁቤው የመጀመሪያ አናባቢያቸው እንኳ አይገጥምም። የአንድ ከተማ ልጆች በአራት አምስት ስም ተከፋፍለው ሲለጥፉ አንዱ የሌላውን አያይም።

ከዚህ የባሰው ሞክሼ ቦታ ነው። «ሮቤ» የሚል መግለጫ ያለው የስንዴ ማሳ ፎቶ አየሁ እንበል። የአርሲ ሮቤ ነው ወይስ የባሌ ሮቤ? ሁለቱም ደጋ፣ ሁለቱም ስንዴ፣ ሁለቱም ኮምባይነር። «ነገሌ»ስ ሲባል ነገሌ አርሲ ነው ወይስ ነገሌ ቦረና? የስንዴ ፎቶ ሲሆን ያስቃል እንጂ አይጎዳም። የግጭት ወይም የአደጋ ቪዲዮ ሲሆን ግን ቀልድ አይደለም። ነገሌ ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው ያንን ቪዲዮ አይቶ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር ማሰብ ነው።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. የአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ አገሪቱ ውስጥ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። በእነዚያ ሳምንታት በስልክ የተቀረጸ ነገር ከተለጠፈ የተለጠፈው ኢንተርኔት ሲከፈት ነው። ስለዚህ መድረኩ ላይ የሚታየው ቀን የመለጠፊያው ቀን እንጂ የሆነበት ቀን አይደለም። ከዓመታት በኋላ አንድ ተመራማሪ ወይም ዳኛ ወይም የሟች ልጅ «ይህ መቼ ነው? የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ምን ይመለስለታል? ኢትዮጵያ ቼክን የመሳሰሉ መረጃ አጣሪዎች ደጋግመው የሚያጋልጡት አንዱ ማጭበርበር የድሮን ፎቶ እንደ አዲስ፣ የሌላ አገርን እንደ እኛ አድርጎ ማቅረብ ነው። ማጭበርበሩ የሚመቸው ፎቶው ስም አልባ ሆኖ ሲዞር ስለቆየ ነው። ስም የሌለውን ማንም እንደፈለገ ይሰይመዋል።

በዚያው ዓመት የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል። አዋጁ ለማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ግዴታ ይጥላል። ልብ በሉ፣ ሁሉም ስለ ማንሣት ይነጋገራል። ስለ ሕግ ክፍል ስንማርም ክርክራችን ሁሉ ምን ይነሣ፣ ማን ያንሣ የሚል ነበር። የቀረው፣ ማለትም ማንም የማያነሣው፣ ሐሰትም ጥላቻም ያልሆነው እልፍ አእላፍ ምስል እንዴት ይቀመጥ የሚል ግን አልሰማሁም።

አሁን ወደ አንድ ምሳሌ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው። ስለ አቴቴ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ፣ አቴቴ የአርሲ ኦሮሞ ሴቶች ሥርዓት ነው። ሴቶቹ ሲንቄ የሚባለውን በትር ይዘው ይወጣሉ። ሲንቄ ሴት ልጅ ስታገባ ከእናቷ የምትቀበለው በትር ነው። ዝናብ ሲጠፋ፣ መውለድ ያቃታት ስትኖር፣ ሰላም ሲደፈርስ እየዘመሩ ይለምናሉ፣ ይመርቃሉ። ሁለት ወገን ሊጋደል ሲል ሴቶች ሲንቄ ይዘው መሐል ከቆሙ ወንዱ ያንን አልፎ አይሄድም። እንግዲህ ጸሎትም፣ ሕግም፣ የሴቶች መብትም በአንድ ላይ ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት የሚታይበት አንድ ቪዲዮ ከቻናል ወደ ቻናል ሲዞር ተመልክቻለሁ። መግለጫው «የአርሲ ባህላዊ ጭፈራ» ነው የሚለው፤ ከጎኑ ሁለት የእሳት ምልክት። ከታች በሌላ ቻናል «ምርጥ እስክስታ» ሆኗል። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተቆርጦ ሌላ ዘፈን ተለጥፎበታል። ሴቶቹ ለምን እንደወጡ፣ የት ቀበሌ እንደሆነ፣ ዝናብ ይለምኑ ይሁን ጠብ ያበርዱ ምንም የለም። የክፍላችን ልጅ የሆነች የአርሲ ተወላጅ አይታው «ይሄ እኮ ጭፈራ አይደለም፣ እናቶቻችን እያለቀሱ ነው» አለች። ድምፁ ባለበት ቅጂ ላይ ግጥሙን ሰምታ ነው ያወቀችው። እኔ አፋን ኦሮሞ እንደሷ ስለማልሰማ እሷ ባትነግረኝ ኖሮ ጭፈራ ብዬ አልፈው ነበር። አቴቴ የሚለው ቃል ራሱ በሌላ አካባቢ ሌላ ነገር የሚያስታውሰው ሰው ስላለ፣ ቃሉን ብቻ መጻፍም አይበቃም፤ የአርሲው አቴቴ መሆኑን ማስረዳት ያስፈልጋል።

ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባል የለ? የመጀመሪያው ለጣፊ «ጭፈራ» ካለው ከሱ የተቀበለው ሁሉ «ጭፈራ» ይላል። ከቤት የወጣው ስም ስሕተት ከሆነ ጎረቤት አያርመውም፣ ያባዛዋል እንጂ። እንግዲህ ስም ማውጣት የመጀመሪያው ዘገባ ነው የምለው ለዚህ ነው። መምህራኖቻችን ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት እያሉ በመጀመሪያ ዓመት ያስተማሩን ስድስቱ ጥያቄዎች ለዜና ብቻ የሚመስሉን ከሆነ ትምህርቱ አልገባንም።

መድረኮቹስ ምን ይረዱናል? እውነቱን ለመናገር ከምናስበው በላይ ይረዳሉ፤ እኛ ነን የማንጠቀምባቸው። ዩቲዩብ ቪዲዮ ሲጫን የተቀረጸበትን ቀንና ቦታ ለይቶ የሚሞላ ሣጥን አለው። ታግ የሚባሉት ቃላት ደግሞ ለፍለጋ ብዙም ጥቅም እንደሌላቸው ኩባንያው ራሱ ይናገራል፤ የሚጠቅሙት ሰው በተለያየ ሆሄ ለሚጽፈው ቃል ነው ይላል። ይሄ እኮ ለእኛ የተባለ ይመስላል! ኃይሌን በአምስቱም ሃ፣ አሰላን በሁሉም አጻጻፍ እዚያ መደርደር እንችላለን። የእኛ ሰው ግን ታጉን ትቶ ሃሽታግ እንደ በርበሬ ይነሰንሳል። ዩቲዩብ ላይ ከ60 በላይ ሃሽታግ ከተደረገ ሁሉንም እንደሌሉ ይቆጥራቸዋል፤ ብዙ ጩኸት፣ ዜሮ ውጤት።

ቴሌግራም ሌላ ጠባይ አለው። ምስሉን «ፎቶ» ብላችሁ ስትልኩት ያሳንሰዋል፣ ውስጡ ተደብቆ የነበረውንም የቀን፣ የሰዓትና የቦታ መረጃ ያስቀረዋል። «ፋይል» ብላችሁ ስትልኩት ግን እንዳለ ይሄዳል። ኮምፒውተር ላይ ስታወርዱት የፋይሉ ስም ውስጥ ቀንና ሰዓት ይታያል፤ ብዙ ሰው ፎቶው የተነሣበት ይመስለዋል፣ አይደለም። ፎርዋርድ የተደረገ ነገር ከየት እንደመጣ ከላይ ይጽፋል፤ ሰውየው አውርዶ እንደገና ከጫነው ግን የዘር ሐረጉ እዚያው ተበጠሰ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግሩፖችን በርዕስ በርዕስ መከፋፈል ይቻላል። የስንት ክፍል፣ የስንት ማኅበር ግሩፕ ነው ይህን የሚያደርገው? የእድር ማስታወቂያ፣ የፈተና ፕሮግራም፣ የልደት ኬክና የዶክመንታሪ ረቂቅ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ተቀላቅለው ይኖራሉ።

በሌላ በኩል ዊኪሚዲያ ኮመንስ አለ። በ2004 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ማንም ሰው የራሱን ፎቶና ቪዲዮ ለሁሉም ነፃ አድርጎ የሚያስቀምጥበት መዝገብ ነው። እዚያ ፎቶ ስትጭን ምንድን ነው፣ መቼ ተነሣ፣ ማን አነሣው፣ በምን ፈቃድ ብሎ ይጠይቅሃል፤ በየምድቡም ታስገባዋለህ። መግለጫውን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጎን ለጎን መጻፍ ይቻላል። አሰልቺ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ያሰለቻል። ግን ያ አሰልቺ ቅጽ ነው ፎቶውን ከሃያ ዓመት በኋላ እንዲገኝ የሚያደርገው።

ሕዝብ ሲያደራጅ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት አንድ የውጭ ምሳሌ ብቻ ላንሣ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2008 እ.ኤ.አ. ከ3 ሺህ በላይ የቆዩ ፎቶዎችን ፍሊከር በሚባለው የፎቶ መድረክ ላይ አውጥቶ ሕዝቡ መግለጫ እንዲጨምርባቸው ጋበዘ። ሰዎች የቦታ ስም፣ የሰው ስም፣ የሕንፃ ስም እያመጡ ሞሉለት። ባለሙያዎቹም እያጣሩ መዝገባቸው ውስጥ አስገቡት። ልብ ማለት የሚገባን ግን ያ ሁሉ የተደረገው ከታች የሚያጣራ ባለሙያ ስለነበረ ነው። ሕዝብ ብቻውን፣ ባለሙያም ብቻውን አልሠራውም።

«ኧረ ምን ታደክሚያለሽ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱ ራሱ ይለየዋል» ይሉኛል የክፍሌ ልጆች። ይለያል፣ አልክድም። ስንዴ መሆኑን፣ ኮምባይነር መሆኑን፣ ከበስተጀርባ ተራራ መኖሩን ይነግረኛል። ያ ተራራ ጭላሎ ይሁን ካካ ግን ከደጋግ ገምጋሚዎች አንዱ ሆኖ ሊገምት ነው፤ እነዚያ ሴቶች በዚያች ቀን ለምን ሲንቄ ይዘው እንደወጡ ደግሞ ከቶ ሊያውቅ አይችልም። ያ መረጃ ምስሉ ውስጥ የለምና። ያለው ቀራጩ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ማሽኑ የሚማረው ደግሞ እኛ ከጻፍነው ነው፤ «ጭፈራ» ብለን ከጻፍን «ጭፈራ» ብሎ ይመልስልናል።

«አድሚኑ ያስተካክል» የሚለውንም አልቀበልም። አድሚን በቀን የሚደርሰውን ለማየት እንኳ ጊዜ የለውም፤ ቦታው ላይም አልነበረም።

እስካሁን ስለ ሰው አወራሁ፤ አሁን ስለ ራሳችን ትምህርት ክፍል። ቅር የሚለው እንደሚኖር አውቃለሁ፣ ግን ይህች መጽሔት የራሳችን ናትና እንነጋገርበት። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች የሠሩት የቪዲዮ ተግባር ልምምድ የት ነው ያለው? ፍላሽ ላይ፣ በተበላሸ ኮምፒውተር ላይ፣ በተመረቁ ልጆች ስልክ ላይ። ያገኘነው ጥቂቱም ስሙ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «እውነተኛው ፋይናል»፣ «ለመምህር የሚሰጠው ፋይናል» ነው። ከመካከላቸው አንዱ ስለ አንዲት የጠላ ነጋዴ እናት ነው፤ ደስ የሚል ሥራ ነው። የማን ሥራ እንደሆነ፣ በየትኛው ዓመት እንደተሠራ፣ እናቲቱ ለሕዝብ እንዲታይ ፈቅደው እንደነበረ የሚነግረን አላገኘንም። ስለዚህ ልናሳየው አንችልም። ሥራው አለ፣ ግን ሞቷል።

የሚገርመው ይህች ከተማ ይህን የማታውቅ ከተማ አለመሆኗ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን መንግሥት እርዳታ እዚሁ አሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ አባቶቻችን «ካዱ» የሚሉት፣ የሚያሳትማቸውን ጥናቶች በተራ ቁጥር ነበር የሚያወጣቸው። የካዱ ኅትመት ቁጥር ይህን ያህል ተብሎ እስከ ዛሬ ተመራማሪዎች ይጠቅሱታል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ስለ ስንዴና ስለ ወተት የተጻፈ ጥናት በቁጥሩ ይታወቃል፤ አምና በእኛ ክፍል የተሠራ ቪዲዮ አይታወቅም። ስለ በቆጂ ሯጮችም ቢሆን በ2012 እ.ኤ.አ. የውጭ ሰዎች የሠሩት «ታውን ኦፍ ራነርስ» የተባለው ዶክመንታሪ ርዕስ፣ ዓመትና የዳይሬክተር ስም ስላለው በቀላሉ ይገኛል። የበቆጂ ልጆች በስልካቸው የቀረጹት የራሳቸው ልምምድ ግን የት ይገኛል? ታሪካችንን ሌላ ሰው ነገረው ብለን ከማማረራችን በፊት ይህን እንመልስ።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ማንኛውም የተግባር ሥራ ሲረከብ ከፋይሉ ጋር አንድ አጭር መግለጫ አብሮ ይረከብ፤ ከሌለ ሥራው እንዳልገባ ይቆጠር። ነጥብም ይሰጠው። እኔ እንዲህ ቢሆን እላለሁ፤ ምሳሌው እኔው የፈጠርኩት ነው፦

«ቁጥር 14። ስንዴ በኮምባይነር ሲታጨድ። አርሲ ዞን፣ ጢዮ ወረዳ፣ ኩሉምሳ አጠገብ። ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. (ዲሴምበር 3 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.)፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። የቀረጸው፦ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ስሙ ከነአባቱ። የማሳው ባለቤት ለትምህርትና ለሕዝብ እንዲታይ በቃል ፈቅደዋል። ድምፁ የቦታው ነው፣ ዘፈን አልተጨመረም። ሌሎች አጻጻፎች፦ አሠላ፣ ቁሉምሳ፣ በቁቤም ጭምር።»

በቃ ይሄው ነው። ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ካፌ ቁጭ ብለን አንድ ማኪያቶ እስኪመጣ ከምንጠብቀው ያነሰ ነው። ፈቃዱን የጨመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለሥራው አመንጪ መብት ይሰጣል፣ ስሙ ያልተጻፈ አመንጪ ግን መብቱን በምን ያስከብራል? ዘፈን ስለመጨመር የጻፍኩትም በአቴቴው ቪዲዮ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ጥንቃቄ አለኝ፤ እዚህ ላይ ከአንዳንድ ጓደኞቼ ጋር አንስማማም። ሁሉ ነገር ለአደባባይ ይሰየም አልልም። ለቅሶ ላይ ያለች እናት ስም፣ የሕፃን ልጅ ስምና ትምህርት ቤት፣ በግጭት ጊዜ የምስክር ሰው መንደር ከቪዲዮ ጋር ተያይዞ መውጣት የለበትም። ዝርዝር መረጃ ለፈላጊ እንደሚጠቅም ሁሉ ለአጥቂም ይጠቅማል። የእኔ መልስ መዝገቡ ሁለት ይሁን የሚል ነው። ሙሉው በትምህርት ክፍሉ ይቀመጥ፤ ለሕዝብ የሚወጣው ሰውን የማይጎዳውን ያህል ብቻ ይያዝ። ቦታውን «አርሲ ዞን» ብሎ ማቆም ውሸት አይደለም፤ ሌላ ቦታ ብሎ መጻፍ ነው ውሸት። አቴቴም ቢሆን ሴቶቹ «ይህ ለኛ ብቻ ነው» ካሉ ቅጂው መዝገብ ቤት ይቀመጥ እንጂ ቻናል ላይ አይውጣ። ጓደኞቼ «እንደዚያ ከሆነ ማን ያየዋል?» ይላሉ። ዛሬ ማንም ላያየው ይችላል። የልጅ ልጆቻቸው ግን ፈልገው ሲመጡ ያገኙታል።

ሌላው፣ አንድ መድረክ ላይ ብቻ አስቀምጦ መተኛት አይገባም። ፍሊከር በ2018 እ.ኤ.አ. በነፃ ለሚጠቀሙ ሰዎች ከ1 ሺህ ፎቶ በላይ እንደማይዝ አስታውቆ በዓመቱ ትርፉን መሰረዝ ጀመረ። ማይስፔስ ደግሞ ከ2016 በፊት የተጫነ ሙዚቃ እንደጠፋበት በ2019 እ.ኤ.አ. አመነ። ቴሌግራምም ሆነ ዩቲዩብ ማሳያ መስኮት እንጂ ጎተራ አይደሉም። ጎተራው እዚሁ መሆን አለበት፤ ሁለት ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ በትምህርት ክፍሉ ቢሮ፣ አንዱ በቤተ መጻሕፍቱ፣ ከጎናቸው በእጅ የሚጻፍ የመዝገብ ደብተር። ደብተሩን ስል አትሳቁ። መብራት ሲጠፋ የሚከፈተው እሱ ብቻ ነው።

መምህራኖቻችን በሚቀጥለው ሴሚስተር በተግባር ልምምድ ኮርሱ እንዲያስጀምሩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። እስከዚያው ግን ከድሮው የተረፈውን መለየት መጀመር ይቻላል። «ፋይናል» የሚሉትን ፋይሎች የመጀመሪያ ምስል አንድ በአንድ አትመን የትምህርት ክፍሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋቸዋለን። ከመካከላቸው የምታውቁት ቦታ፣ የምታውቁት ሰው፣ ወይም የቀረጸውን የምታስታውሱ ካላችሁ ከሥሩ በእርሳስ ጻፉልን። የጠላ ነጋዴዋ እናት ከላይ በስተግራ የመጀመሪያዋ ናቸው።